የፊት ግራው ዝቅ ያለ ፒክአፕ፦ ቶርሽን ባሩን እቤት ማስተካከል ይቻላል?

ነጩ ፒክአፕ

ሰላም ለሁላችሁ። የ2002 (እ.ኤ.አ.) ሃይሉክስ አለኝ፤ ፎር ባይ ፎር ነው፣ ፊቱ ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ቀጥ ያለ ብረት) ነው። ከፊት ለፊቱ ቆሜ ሳየው ወደ ግራ ያጋደለ ይመስላል። በሜትር ከመሬት እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ስለካ የግራው ከቀኙ በ22 ሚሊ ሜትር ያንሳል። አሞርዛተሮቹ በቅርቡ የተቀየሩ ናቸው። ጎማዎቹም አንድ ዓይነት ናቸው። መሪው ወደ አንድ ጎን አይስብም። ግን ጉድጓድ ላይ ሲገባ በግራ በኩል "ጓ" የሚል ድምፅ አለ።

ከሥር ገብቼ ሳይ የቶርሽን ባሮቹ ኋለኛ ጫፍ ላይ ትልልቅ ብሎኖች አየሁ። እነሱን በማጥበቅ ከፍታው ይስተካከላል ሲባል እሰማለሁ። እቤት የሚሠራ ነገር ነው ወይስ ጋራዥ ልውሰደው? ስንት ዙር ነው የሚጠብቀው? ደግሞስ ሲጠብቅ መኪናው ይደርቃል የሚሉት እውነት ነው?

የጋራዥ ልጅ

ቀላል ነው ወንድሜ። የግራውን ብሎን ታጠብቃለህ፣ ከቀኙ ጋር ሲተካከል ታቆማለህ። አለቀ። እጀታው ረዘም ያለ መፍቻ ያዝ፣ ብሎኑ ዝገት ስለሚይዘው ክንድ ይጠይቃል።

አንጋፋው መፍቻ

ወንድሜ፣ መፍቻውን ለጊዜው አስቀምጠው። 22 ሚሊ ሜትር ያልከው ገና ልኬት አይደለም፣ ፍንጭ ነው።

ከመሬት ስትለካ የጎማውን ነፋስ፣ የጎማውን መበላትና የመሬቱን መጋደል ሁሉ አብረህ ነው የለካኸው። የመኪናውን አቋም ብቻ ለማወቅ ከቸርኬው መሃል ጀምረህ ቀጥ ብለህ ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካ። እዚያ ውስጥ ጎማ የለበትም፣ መሬትም የለበትም። የሜትሩ ጫፍ እንዳይንሸራተት ቸርኬው መሃል ላይ ወረቀት ለጥፈህ ነጥብ ምልክት አድርግበት። ፓራፋንጎው ላይም እንዲሁ። ሁለተኛ ጊዜ ስትለካ እዚያው ነጥብ ላይ ካልለካህ የምታገኘው ልዩነት የራስህ እጅ የሰራው ይሆናል።

መሬቱ ደግሞ መመሳሰል አለበት። ዓይን ያታልላል። ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ውሃ የተሞላ ግልጽ ቀጭን ላስቲክ ታውቀዋለህ? አንዱን ጫፍ ግራ ጎማ አጠገብ፣ ሌላውን ቀኝ ጎማ አጠገብ ያዝ። ውሃው በሁለቱም በኩል እኩል ይቆማል። ከውሃው እስከ መሬቱ ያለውን ስትለካ የመሬቱ ልዩነት ቁልጭ ብሎ ይታይሃል። ውስጡ የአየር አረፋ እንዳይኖር ብቻ ተጠንቀቅ። ላስቲክ ከሌለህ ደግሞ መኪናውን እዚያው ቦታ ላይ ፊቱን አዙረህ አቁመውና እንደገና ለካ። መጋደሉ የመኪናው ከሆነ ግራው ግራ ሆኖ ይቀራል። የመሬቱ ከሆነ ይገለበጣል።

ከመለካትህ በፊት የአራቱም ጎማ ነፋስ በር ላይ በተጻፈው ልክ ይሁን። ነዳጁ ሙሉ ቢሆን ይመረጣል። ስኮርታ ጎማው ቦታው ላይ ይሁን። ጭነት አይኑር፣ ካቢን ውስጥም ሰው አይቀመጥ። ከመቀመጫ ኋላ በአንድ በኩል የተከማቸ የብረት ዕቃ ካለ አውርደው።

ቀጥሎ ሰዎች የሚዘሉት ነገር አለ። መኪናውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጥቂት ሜትር አንከባልለው፣ መሪው ቀጥ እንዳለ አቁመው፣ ከዚያ መከላከያውን በእጅህ ደጋግመህ ወደ ታች እየጫንክ ልቀቀው። በተለይ በክሪክ ከተነሳ በኋላ ይህን ሳታደርግ አትለካ። ክሪኩ ሲወርድ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ተሰብስበው መሬቱን ይነክሱታል፣ ብራቾዎቹም (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት ክንዶች) ወደ ቦታቸው አይመለሱም። ስለዚህ መኪናው ከእውነተኛው ከፍታው በላይ ተሰቅሎ ይቆማል። ጄኔራል ሞተርስ በመመሪያው መጽሐፍ የሚያዘው ጥሩ ዘዴ ነው፦ ፊቱን በእጅ 38 ሚሊ ሜትር ያህል ሦስት ጊዜ አንስተህ ትለቅና ትለካለህ፤ ከዚያ በዚያው መጠን ሦስት ጊዜ ወደ ታች ተጭነህ ትለቅና ትለካለህ። የሁለቱ አማካይ ነው እውነተኛው ከፍታ። ሁለቱ ልኬቶች በጣም ከተራራቁ የተጣበቀ ቦኮላ (የብራቾው ማጠፊያ ጎሚኒ) ወይም የደረቀ ቴስቲና (የብራቾው ጫፍ ኳስ መጋጠሚያ) አለ ማለት ነው።

በመጨረሻም፣ ፓራፋንጎ የአካል ቆርቆሮ ነው። ተመትቶ የተቃና ሊሆን ይችላል። የካቢኑ ጎሚኒ አንድ ጎኑ የሞተ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፋብሪካዎች ከፍታን የሚለኩት በፓራፋንጎ አይደለም። ያንተን ዓይነት ቶዮታ ላይ ከመሬት እስከ ጎማው መሃል ለክተህ፣ ከዚያ ላይ ከመሬት እስከ ታችኛው ብራቾ የፊት ብሎን መሃል ያለውን ትቀንሳለህ። ቀሪው ቁጥር ነው በጥገና መጽሐፉ ከተጻፈው ጋር የሚነጻጸረው። እሱንም በሁለቱም ጎን ለካና አምጣልን።

ድምፁን በተመለከተ፣ ብራቾው ሲወጣ የሚያርፍበትን ጎሚኒ ተመልከት። ከብረቱ ጋር ያለው ክፍተት በግራና በቀኝ እኩል ነው?

ነጩ ፒክአፕ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ።

በመጀመሪያ የግራው የፊት ጎማ ነፋስ ከቀኙ ያነሰ ሆኖ አገኘሁት። አስተካከልኩት። ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎ ግራ 466፣ ቀኝ 484 ሚሊ ሜትር። መኪናውን እዚያው ቦታ ላይ አዙሬ ስለካ ልዩነቱ 17 ሆነ፣ ዝቅ ያለውም ያው ግራው ነው። ስለዚህ መሬቱን ከክሱ ነጻ አውጥቼዋለሁ። በብራቾው ብሎን በኩል የለካሁትም ያንኑ ነው የሚናገረው፣ የግራው ከቀኙ በግልጽ ይለያል።

ጎሚኒውን አየሁት። የቀኙ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል፣ ሁለት ጣት ይገባል። የግራው ፊቱ ተፍቆ ያብረቀርቃል፣ ጠርዙ ተሰንጥቋል፣ ክፍተቱም አንድ ጣት ብቻ ነው። "ጓ" የሚለው እሱ ይመስለኛል። አሁን ላጥብቅ?

ሊብሬ

አንድ ነገር ሳትጠየቅ ቀረህ። ከኋላ ስንት ነው? በአራቱም ጎማ ለክተህ ጻፍልን። ፊቱ የሚያጋድለው ሁልጊዜ በፊቱ ጥፋት አይደለም።

የጋራዥ ልጅ

ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ሞላ) ያለው የኋላ ጎን ጭነት የሚሸከም ነው፣ እንዲህ በቀላሉ አይወርድም። ፊቱ ላይ ነው ችግሩ፣ ጎሚኒውም ራሱ ይመሰክራል።

አንጋፋው መፍቻ

ጎሚኒው የሚመሰክረው ግራው ዝቅ ማለቱን ብቻ ነው። ማን እንዳወረደው አይናገርም። የሊብሬ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ሻንሲ ጠንካራ ነገር ነው። በአራት ማዕዘን የተደገፈ ጠረጴዛ በለው። የኋላ ግራው እግር ቢያጥር የፊት ግራውም አብሮ ይወርዳል። ታዲያ የፊቱን ቶርሽን ባር አጥብቀህ ብታነሳው ሲታይ ቀጥ ይላል፤ ነገር ግን የፊት ግራውና የኋላ ቀኙ ጎማ ከድርሻቸው በላይ ይሸከማሉ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ይቀላቸዋል። እርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን ስትይዝ ቀለል ያለው ጎማ ቀድሞ ይንሸራተታል። በዓይን የማይታይ ግን መሪ ላይ የሚሰማ ጉዳይ ነው።

የሚለይበት መንገድ አለ። የፊት ጎማዎቹን በፊትም በኋላም ታኮ አድርግባቸው። ይህ ግዴታ ነው፤ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎቹን ስለሆነ እነሱ ከመሬት ሲነሱ ምንም አይዝልህም። ማርሽ ውስጥ ከተህም አትመን። ከዚያ ክሪኩን ከኋላ አክስሉ መሃል ሥር አድርገህ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ከመሬት ልቅቅ እስኪሉ ብቻ አንሳ። አሁን ኋላው በአንድ ነጥብ ላይ ቆሟል፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም መግፋት አይችልም። መጋደሉን የሚወስነው ፊቱ ብቻ ነው። ፊቱን እየተጫንክ አረጋጋና ከቸርኬ እስከ ፓራፋንጎ ለካ። ልዩነቱ እንዳለ ከቆየ ጥፋቱ ከፊት ነው። ከቀነሰ ወይም ከጠፋ ከኋላ ነው። ዲፈረንሻሉ ከመሃል ፈንጠር ያለ ከሆነ ክሪኩ በትክክል መሃል ላይ ስለማያርፍ ቁጥሩን እንደ ፍንጭ ያዘው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከመኪናው ሥር እጅህም ራስህም አይግባ። ልኬቱ ሁሉ ከውጭ ነው።

ነጩ ፒክአፕ

ልኬቱ ይኸው። ከኋላ ግራው ከቀኙ በ13 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሏል። አስቤው አላውቅም ነበር፣ የኋላው መጋደል ለዓይን አይታይም።

ኋላውን በክሪክ መሃል ላይ ሳነሳው የፊቱ ልዩነት ከ18 ወደ 6 ወረደ!

ክሪኩን አውርጄ በባትሪ መብራት የግራውን ባሌስትራ ተመለከትኩ። ላዩ በጭቃ የተለሰነ ስለሆነ ምንም አይታይም። በብረት ብሩሽ ስፈቀው ግን ሁለተኛዋ ባሌስትራ ከዩ ቦልቱ (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ከሚያስረው ብሎን) አጠገብ ተሰብራለች። ስብራቱ የቆየ ነው፤ አብዛኛው ፊቱ ቡናማ ዝገት ነው፣ ጫፉ ላይ ግን እንደ ብር የሚያበራ አዲስ መስመር አለ። ላይኛዋ ስለያዘቻት ሳትወድቅ እንደቆመች ነው።

ሊብሬ፣ አንቺ ባትጠይቂኝ ይህን አላይም ነበር። አመሰግናለሁ።

ሊብሬ

እሰየው፣ ሳይብስ ተገኘ። እንዳትጭንበት። ዋናዋ ላይኛዋ ብቻዋን ከቀረች ቀጥላ እሷ ናት የምትሰበረው፤ እሷ ስትሄድ ደግሞ አክስሉን ቦታው ላይ የሚይዘው ነገር የለም። ስትቀይር ዩ ቦልቶቹንም አዲስ አድርግ። አንዴ ተስበው የጠበቁ ዩ ቦልቶች ተመልሰው እኩል አይጠብቁም።

የተሰበረውን ብቻ ቀይረህ የቀኙን እንዳለ የምትተወው ከሆነ ደግሞ ቁመቱንና ቅስቱን ከቀኙ ጋር አመሳስለው። አዲስ ባሌስትራ ከደከመው ጋር ከተጣመረ ልዩነቱ ተገልብጦ ይመጣል።

መሐንዲሷ

"መኪናው ይደርቃል ወይ" የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ አለፈ። ብዙ ሰው የተሳሳተ ነገር ስለሚናገርበት ልመልሰው።

ቶርሽን ባር ቀጥ ያለ የሞላ ብረት ነው። አንዱ ጫፉ ብራቾው ላይ ታስሯል፣ ሌላው ጫፉ ሻንሲው ላይ ባለ አጭር ክንድ ተይዟል። ጎማው ሲወጣ ብረቱ ይጠመዘዛል። ጥንካሬውን የሚወስኑት ውፍረቱ፣ ርዝመቱና የብረቱ ዓይነት ናቸው። ማስተካከያው ብሎን ከእነዚህ አንዱንም አይነካም። ብሎኑ የሚያደርገው የኋለኛውን ጫፍ በትንሹ ማዞር ነው፤ ብራቾው በዚያው ልክ ወደ ታች ይገፋል፣ መኪናው ይነሳል። መኪናው የሚመዝነው ያው ስለሆነ ብረቱም የተጠመዘዘው ቀድሞ በነበረው ልክ ነው። ስለዚህ ብሎን በማጥበቅ ሞላ አይጠነክርም።

ጠንካራ ሞላ የሚፈልግ ወፍራም ባር ነው መግዛት ያለበት። እዚያ ላይ ትንሽ ለውጥ ብዙ ያመጣል፤ ጥንካሬው ከውፍረቱ ጋር በአራተኛ ደረጃ ነው የሚያድገው። ከ24 ወደ 26 ሚሊ ሜትር መሄድ ብቻ ጥንካሬውን በ38 በመቶ ገደማ ይጨምረዋል።

ታዲያ ሰዎች "ደረቀብኝ" የሚሉት ለምንድን ነው? ስሜታቸው ትክክል ነው፣ ምክንያቱ ነው ሌላ። ጎማው ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም መውረድ አለበት። ጉድጓድ ሲመጣ ጎማው ተከትሎት መግባት አለበት። ከልክ በላይ ስታነሳው የመውረጃው ቦታ ያልቃል። ጎማው ገና መውረድ ሲጀምር ላይኛው ብራቾ ማቆሚያው ላይ ይማታል ወይም አሞርዛተሩ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ያልቃል። ያኔ "ጓ" የሚለው ድምፅ ከሌላኛው አቅጣጫ ይመጣል። ዝቅ ሲልም ይመታል፣ ሲነሳም ይመታል። ፋብሪካው የጻፈው ከፍታ በሁለቱ መካከል ነው።

የጋራዥ ልጅ

እህቴ፣ ያልሽው ገብቶኛል። ግን ስንት ሰው በዚሁ ብሎን 5 ሴንቲ ሜትር አንስቶ ትልቅ ጎማ አስገብቶ ይነዳል። እኛም እንሠራለን። ምንም አይሆንም።

መሐንዲሷ

ወዲያው ምንም አይሆንም፣ እስማማለሁ። ግን ፎር ባይ ፎር ከሆነ ሲቪ ጆይንቶቹ (ለፊት ጎማዎቹ ኃይል የሚያደርሱት ተጣጣፊ መገጣጠሚያዎች) ሁልጊዜ በታጠፈ አንግል ይዞራሉ። ላስቲኮቻቸው ከእጥፋታቸው ላይ እርስ በርስ እየተፋተጉ ይቀደዳሉ። ግራሶው ይወጣል፣ አቧራ ይገባል፣ ከዚያ ጆይንቱ ያልቃል። ላይኛው ቴስቲናም ከልኩ ጫፍ ላይ ሆኖ ነው የሚሠራው። የመኪናው ባለቤት ከወራት በኋላ ላስቲክ ሲቀይር ከብሎኑ ጋር አያይዞ አያስበውም።

ደንበኛ "ከፍ አድርጉልኝ" ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ ጎማውን አየር ላይ አንጠልጥላችሁ ከቆመበት ከፍታ ምን ያህል እንደሚወርድ ለኩለት። የቀረው የመውረጃ ቦታ ትንሽ ከሆነ ንገሩት። ከዚያ ምርጫው የሱ ነው።

የጋራዥ ልጅ

ተቀብያለሁ። የመውረጃውን ልኬት ለክተን አናውቅም፣ ጥሩ ሐሳብ ነው።

ሩቅ ሂያጅ

ይቅርታ፣ በመሃል ልግባ። የኔ አዲሱ ዓይነት ሃይሉክስ ነው። ከሥር ብፈልግ ብፈልግ ይህ ብሎን የለም። የት ነው የሚደበቀው?

ሊብሬ

አልተደበቀም፣ የለም። ሃይሉክስ ከ2005ቱ (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ወዲህ ፊቱ በጥቅል ሞላ ነው። ሚትሱቢሺ ኤል 200ም በዚያው ጊዜ ገደማ ነው የተቀየረው። የመጀመሪያው ትውልድ አይሱዙ ዲማክስ ቶርሽን ባር ነው፣ ቀጥሎ የመጣው ሞላ ነው። ላንድ ክሩዘር 100 ቶርሽን ባር ያለው አለ። ጥርጣሬ ካለህ ከፊት ጎማ አጠገብ አጎንብሰህ እይ፤ አሞርዛተሩን የከበበ ጥቅል ሞላ ካለ ቶርሽን ባር አትፈልግ።

ሞላ ከሆነ ከፍታው የሚስተካከል ነገር የለውም። መለኪያው ግን ያው ነው። ዝቅ ካለ ሞላው ደክሟል ወይም ጫፉ ላይ ተሰብሯል። ሲቀየር ሁለቱንም ጎን ነው። በጣም ትንሽ ልዩነት ሲሆን ከሞላው በላይ የሚገባ ቀለበት አለ፣ ግን የተሰበረ ሞላ ላይ ቀለበት አይገባም። ሞላውን ራስህ ለማውጣት አትሞክር፤ የታመቀ ሞላ ከመያዣው ሲያመልጥ የሚገድል ኃይል አለው።

ነጩ ፒክአፕ

ባሌስትራው ተቀይሯል። ዩ ቦልቶቹም አዲስ ናቸው። ትንሽ ነድቼ አረጋጋሁትና ለካሁ። ከኋላ ልዩነቱ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከፊት ግራ 477፣ ቀኝ 484። 7 ቀረ። በብራቾው በኩል ከጥገና መጽሐፉ ጋር ሳወዳድረው ቀኙ ልኩ ላይ ነው፣ ግራው ትንሽ ያንሳል። ጋሼ፣ አሁንስ መፍቻውን ላንሳ?

አንጋፋው መፍቻ

አሁን አንሳው። ቀስ ብለህ ተከተለኝ።

ከአንድ ቀን በፊት የብሎኑን ጥርስ በብረት ብሩሽ ጥረገውና ዝገት መፍቻ ርጭበት፣ ይደር። ጭቃ የያዘ ጥርስ ላይ ዳዶ ስታዞር ጥርሱን ይበላዋል፤ የተበላ ብሎን ደግሞ ትልቁ ራስ ምታት ነው። ማታ ላይ እንደገና ርጭበት።

ስትጀምር የኋላ ጎማዎቹን ታኮ አድርግ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ። ፊቱን በክሪክ አንሳና ሻንሲው ሥር በሁለቱም ጎን ስታንድ አስገብተህ አሳርፈው። በድንጋይ አይደለም፣ በብሎኬትም አይደለም፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈርሰው። ከመግባትህ በፊት መኪናውን በእጅህ ገፋ ገፋ አድርገው፣ ካልተነቃነቀ ግባ።

ለምን እናነሳለን? ጎማው ተንጠልጥሎ ሲወርድ የባሩ ጥምዘዛ ይቀንሳል፣ ብሎኑም ይቀለዋል። መኪናው በጎማው ቆሞ ሳለ የሚያጠብቅ ሰው ጥርሱን ያበላሻል። ሲነሳም ቢሆን ባሩ ሙሉ በሙሉ አልተፈታም፣ አሁንም የተጠመዘዘ ነው። ስለዚህ ብሎኑን ማጥበቅና ማላላት ትችላለህ፣ ፈትተህ ማውጣት ግን አትችልም። ባሩን ለማውጣት ሌላ አሠራር አለ፣ ልዩ መሣሪያ የሚጠይቅም አለ። ያንን ኃይል የያዘ ክንድ በድንገት ከተለቀቀ ፊት ለፊቱ ያለውን ይመታል። ፊትህን ከብሎኑ አቅጣጫ ገለል አድርገህ ሥራ።

የስታቢላይዘሩን ማያያዣ በአንድ ጎን ፍታው። ስታቢላይዘሩ ግራና ቀኙን ስለሚያያይዝ የምታነሳውን ጎን ወደ ሌላው ይጎትተዋል፣ ልኬቱም ይዋሽሃል። በኋላ ሁለቱ እኩል ሲቆሙ ስትመልሰው ብሎኑ ያለ ግፊት ቀዳዳው ውስጥ ከገባ ሥራህ ልክ ነው።

አሁን ቆላፊ ዳዶ ካለው እሱን አላላ። ከመንካትህ በፊት ከብሎኑ ምን ያህል ጥርስ እንደወጣ በሚሊ ሜትር ለክተህ ጻፍ፣ ለቀኙም እንዲሁ። ዳዶው ላይ በቀለም መስመር አድርግ። ብትሳሳት ወደ ነበርክበት የሚመልስህ ይህ ጽሑፍ ነው። ጥርሱን ግራሶ ቀባው።

ስንት ዙር ለሚለው ጥያቄህ፣ ከመኪና መኪና ስለሚለያይ ቁጥር አልሰጥህም። አንድ ዙር ብቻ አጥብቅ። ስታንዱን አውጣ፣ አውርድ፣ አንከባልል፣ ተጫን፣ ለካ። አንድ ዙር ስንት ሚሊ ሜትር እንዳነሳ ያንተው መኪና ነገረህ ማለት ነው። ከዚያ የቀረውን አስላ። ግራውን ስታነሳ የቀኙም ቁጥር ትንሽ ይለወጣል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለቱንም ለካ። 3 ሚሊ ሜትር ድረስ ከተቀራረቡ ተወው። ዜሮ ለማምጣት አትድከም፣ ሾፌሩ ሲቀመጥ ያው ይለወጣል።

ብሎኑ እስከ መጨረሻው ጠብቆ መኪናው አሁንም ዝቅ ካለ ደግሞ ባሩ ደክሟል፣ ወይም ከዚህ በፊት የፈታው ሰው የባሩን ጥርስ ዘሎ መልሶታል። ባሮቹ ላይ የግራና የቀኝ ምልክት አለ። ፋብሪካው በአንድ አቅጣጫ እንዲጠመዘዙ ስላሰናዳቸው ተቀያይረው ከገቡ ሊሰበሩ ይችላሉ። ምልክቱን እይ።

ነጩ ፒክአፕ

ተሠራ። ዝገት መፍቻው ማደሩ ትልቅ ነገር ነው፣ ዳዶው ያለ ትግል ነው የዞረው። አንድ ዙር አጥብቄ ሳወርደው በመጀመሪያ ከሚገባው በላይ ተነስቶ ቆመ። አንከባልዬ ስጫነው ወደ ቦታው ወረደ። ጋሼ የነገሩኝ የጎማው መንከስ ይህ መሆኑን በዓይኔ አየሁት። ያንን ሳላደርግ ብለካ ኖሮ "በዛ" ብዬ መልሼ አላላው ነበር።

አሁን ግራ 483፣ ቀኝ 485። የስታቢላይዘሩ ብሎን በጣት ገፋ ሳደርገው ገባ። የግራው ጎሚኒ ክፍተት ሁለት ጣት ሆኗል። የተሰነጠቀውን ጎሚኒም ቀየርኩት። "ጓ" የሚለው ድምፅ የለም።

መሐንዲሷ ያለችውን የመውረጃ ልኬትም ፊቱ ተንጠልጥሎ ሳለ ወስጃለሁ፣ ሁለቱም ጎን እኩል ነው።

ሊብሬ

ደስ ይላል። ግን ሥራው ገና አላለቀም። ከፍታ ሲለወጥ ቶኢንና ካምበር (የጎማዎቹ አቀማመጥ አንግሎች) አብረው ይለወጣሉ። መሪው ቀጥ ብሎ ቢሄድም ጎማው ጠርዝ ጠርዙን ሊበላ ይችላል። ዊል አላይመንት አስደርግ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የተበላሸው ይቀየራል፣ ከዚያ ከፍታው ይስተካከላል፣ በመጨረሻ አላይመንት። አላይመንት ተሠርቶ ከፍታ ከተነካ የተከፈለበት ሁሉ ከንቱ ነው።

እስከዚያው ጎማውን በመዳፍህ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ ዳብሰው። በአንዱ አቅጣጫ ልስልስ፣ በሌላው እንደ መጋዝ የሚቧጥጥ ከሆነ ቶኢኑ ከልክ ወጥቷል።

የፊት መብራቱንም እይ። ኋላውም ፊቱም ስለተለወጠ የብርሃኑ አቅጣጫ ተቀይሯል። ግድግዳ ፊት ለፊት አቁመህ የሁለቱን ብርሃን የላይኛ ጠርዝ አመሳክር። ከፊትህ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን እንዳታጠፋ።

ሩቅ ሂያጅ

ጋሼ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። የጎረቤቴ መኪና ቶርሽን ባር ነው፣ እሱም ሊሞክር ነው። አንዴ ከተስተካከለ በኋላ ስንት ጊዜ ይቆያል? ብሎኑ ራሱ አይላላም?

አንጋፋው መፍቻ

ቆላፊ ዳዶው በደንብ ከጠበቀ ብሎኑ አይላላም፣ ጭነቱ ራሱ ጨቁኖ ይይዘዋል። የሚለወጠው ቦኮላዎቹ አዲሱን ቦታ ሲለምዱ ነው። የብራቾውን ቦኮላ ብሎኖች ከፈታ መልሶ የሚያጠብቃቸው መኪናው በጎማው ቆሞ ሳለ ይሁን፤ አንጠልጥሎ ካጠበቃቸው ጎሚኒው ሁልጊዜ እንደተጠመዘዘ ይኖርና ቶሎ ይቀደዳል። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከነዳ በኋላ በዚያው ነጥብ ላይ እንደገና ይለካ። አላይመንቱንም ከዚያ በኋላ ቢያስደርግ ይሻላል። ካልተለወጠ ሁልጊዜ ጎማ ሲቀይር አብሮ ማየት ይበቃዋል።

ለጎረቤትህ ግን መጀመሪያ የአራቱን ጎማ ልኬት እዚህ ይጻፍልን በለው።